ቤሲ ኮልማንና ያልከፈተችው ትምህርት ቤት

የሰሜን ደጋ ሰው አይሮፕላንን በመጀመሪያ ያወቀው በክፉ ጎኑ ነው። ፖቴዝ 25 የሚባለው የፈረንሳይ ሥራ አይሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ያረፈው በ1921 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ነበር። ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ሳይሞላ፣ በ1922 ዓ.ም. መጋቢት ወር፣ ከዋግና ከላስታ በስተደቡብ በሚገኘው በአንቺም ራስ ጉግሣ ወሌ ተሸንፈው ሲሞቱ፣ ይኸው አዲስ መሣሪያ በሠራዊታቸው ራስ ላይ እየዞረ መጀመሪያ ወረቀት፣ ቀጥሎም ቦምብ ጣለ። በ1928 ዓ.ም. መጋቢት ወር ደግሞ ከሰቆጣ በስተምሥራቅ በምትገኘው በኮረምና በአሸንጌ ሐይቅ ዙሪያ የጣልያን አይሮፕላኖች ቦምብና የመርዝ ጢስ አወረዱ። ቍስለኛ ለማንሣት የመጣ፣ የቀይ መስቀል ምልክት የተሳለበት ትንሽ አይሮፕላን እንኳ ኮረም ላይ ቆሞ ሳለ በቦምብ ተቃጠለ። እንግዲህ አንድ የዋግ ገበሬ የሞተር ድምፅ በሰማ ጊዜ ከብቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ ዋሻ ቢሮጥ የሚፈረድበት አልነበረም።

ነገር ግን በዚያው ዘመን፣ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል፣ በትንሽ አይሮፕላን ላይ ሌላ ተስፋ የጣለች አንዲት ጥቁር ሴት ነበረች። የፈለገችው ቦምብ መጣል ሳይሆን ትምህርት ቤት መክፈት ነበር። ስሟ ቤሲ ኮልማን ይባላል። ኢትዮጵያን በዓይኗ አላየችም፤ ጣልያን አገራችንን ሳይወር ዘጠኝ ዓመት ቀድማ ሞታለች። ቢሆንም የሥራዋ ፍሬ ዞሮ ዞሮ ከእኛ ሰማይ ደርሷልና ታሪኳን ለጓደኞቻችን ለተማሪዎች ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታይቶናል። በውጭ አገር የሆነውን በአውሮፓ አቆጣጠር፣ በአገራችን የሆነውን በእኛ አቆጣጠር እንጽፋለን።

ቤሲ የተወለደችው በጃንዋሪ 26 ቀን 1892 በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ክፍለ ሀገር፣ አትላንታ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ለወላጆቿ ከዐሥራ ሦስት ልጆች ዐሥረኛይቱ ነበረች። ብዙም ሳትቆይ ቤተሰቡ ዋክሳሃቺ ወደምትባለው የጥጥ አገር ተዛወረ። አባቷ በጥቁርነቱ ላይ የቀይ ሕንዶች ትውልድ ነበረበትና በቴክሳስ የነበረው ጭቆና ሲመረው በ1901 ወደ ኦክላሆማ ሄደ፤ እናቷ ግን አልተከተለችውም። እናትየዋ በሰው ቤት እየሠራች ልጆቿን ስታሳድግ፣ ቤሲ ታናናሾቿን ትጠብቃለች፣ ልብስ ታጥባለች። የጥጥ ለቀማ ሲደርስ ትምህርት ቤቱ ይዘጋና ልጆቹ ሁሉ ወደ እርሻ ይወርዳሉ። ትምህርት ቤቱ ለጥቁሮች ብቻ የተሠራ ባለ አንድ ክፍል ቤት ሲሆን ከቤታቸው ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ይርቅ ነበር፤ እርስዋም ያን መንገድ በእግሯ ትመላለሰው ነበር። ከሰቆጣ ዙሪያ ገደል ወርዳና ወጥታ ትምህርት ቤት የደረሰች ልጅ ይህን የቤሲን ታሪክ ብታነብ የእንግዳ ሰው ታሪክ አይመስላትም።

በሒሳብ ጎበዝ ነበረች። ልብስ እያጠበች ባጠራቀመችው ገንዘብ በ1910 ኦክላሆማ ውስጥ በላንግስተን ወደሚገኘው የጥቁሮች ኮሌጅ ገባች፤ ነገር ግን ገንዘቡ ከአንድ የትምህርት ወቅት አላለፈምና ተመልሳ ወደ ልብስ አጠባዋ ሄደች። እኛ ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ውስጥ የምንገኝ ሁሉ ይህን ክፍል ስናነብ ቆም ብለን ማሰብ ይገባናል። ትምህርቷን ያቋረጠችው አእምሮ አንሷት ሳይሆን የኪሷ ገንዘብ ስላለቀ ነው።

ሃያ ሦስት ዓመት ሲሆናት ወንድሞቿን ተከትላ ወደ ቺካጎ ሄደች። በዚያም በአንድ የወንዶች ጠጕር ማስተካከያ ቤት የደንበኞችን ጥፍር እየሞረደች ትኖር ጀመር። በዚያ ወንበር ላይ ከጦር ሜዳ የተመለሱ ሰዎች ሲያወሩ ትሰማለች። ከእነዚህም አንዱ የገዛ ወንድሟ ጆን ነበር፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ አገር ዘምቶ ተመልሷል። ጆን የፈረንሳይ ሴቶች አይሮፕላን እንደሚያበሩ፣ የቺካጎ ጥቁር ሴቶች ግን ከቶ እንደማይችሉት እያነሣ ያሾፍባት ነበር። ቀልዱ ግን ከልቧ ገባ፤ አብራሪ ለመሆን ቆረጠች።

መቍረጥ አንድ ነገር ነው፤ በር ማግኘት ሌላ ነው። የአሜሪካ የበረራ ትምህርት ቤቶች አንዱ በቀለሟ፣ አንዱ በሴትነቷ፣ አብዛኞቹም በሁለቱም ምክንያት አልቀበልም አሏት። ችካጎ ዲፌንደር የሚባለው የጥቁሮች ጋዜጣ ባለቤት ሮበርት አቦት የፈረንሳይን ቋንቋ ተምራ ወደዚያ አገር እንድትሄድ መከራት። እርስዋም ቀን እየሠራች፣ ከሥራ በኋላ ቋንቋ እየተማረች፣ ገንዘብም እያጠራቀመች ከረመች፤ የሚረዷትም ሰዎች አገኘች። በ1920 ኖቬምበር ወር በመርከብ ተሳፍራ ወደ ፈረንሳይ ሄደች።

የተማረችው የኮድሮን ወንድማማቾች ለ ክሮቷ በምትባል በሶም ወንዝ መዳረሻ ባለች የባሕር ዳር ከተማ ባቋቋሙት ትምህርት ቤት ነው። የመማሪያው አይሮፕላን ንዮፖር 82 ይባላል። ዛሬ አይሮፕላን ስንል ከምናስበው ነገር ጋር አይመሳሰልም። አጥንቱ እንጨት፣ ቆዳው ጨርቅ ሲሆን፣ ላይና ታች የተደረቡት ክንፎቹ በሽቦ የተወጠሩ ናቸው። እንደ መኪና ያለ መሪ የለውም፤ አብራሪው ከፊቱ የቆመ ወፍራም ዱላ በእጁ ይይዛል፣ በእግሩም አንድ አግዳሚ ይገፋል። ፍሬን የለውምና ሲያርፍ የሚያቆመው ከጅራቱ ሥር ያለ መሬት የሚጭር እንጨት ነው። ተማሪው ከመነሣቱ በፊት ሽቦውንና ጨርቁን አንድ በአንድ መመርመር ነበረበት፤ አንዲት የላላች ሽቦ ሞት ልታስከትል ትችላለችና። ቤሲም አንድ የትምህርት ጓደኛዋ በአደጋ ሲሞት አይታለች። ደነገጠች፤ ግን ትምህርቷን አላቋረጠችም።

በጁን 15 ቀን 1921 ዓለም አቀፍ የአብራሪነት ፈቃድ ተቀበለች። ከጥቁር አሜሪካውያት ሴቶች መካከል ይህን ፈቃድ ያገኘች የመጀመሪያይቱ እርስዋ ናት፤ ስሟ ከእርስዋ ይልቅ በዓለም የገነነው አሚሊያ ኤርሃርት ፈቃዷን ያገኘችው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። የቤሲ ፈቃድ ላይ የተወለደችበት ዘመን 1896 ተብሎ ተጽፏል፤ ይኸውም አራት ዓመት ከዕድሜዋ ስለ ቀነሰች ነው። ይህን የምንጠቅሰው ለማሳፈር ሳይሆን ቤሲ ሰው እንጂ መልአክ እንዳልነበረች ለማስታወስ ነው። ለጋዜጠኞች ስትናገር ታሪኳን ማሳመር ትወድ ነበር፤ ከሥራ አስኪያጆቿም ጋር ብዙ ጊዜ ተጣልታለች።

ወደ አሜሪካ ስትመለስ ጋዜጦች አደነቋት፤ አድናቆት ግን እንጀራ አልሆናትም። በዚያ ጊዜ መንገደኛ የሚያመላልስ የአየር መንገድ ገና አልተስፋፋም ነበርና አንድ ሲቪል አብራሪ ኑሮውን ሊያገኝ የሚችለው በአየር ትርኢት ነው፤ ይኸውም ሕዝብ ተሰብስቦ መግቢያ እየከፈለ አይሮፕላን ሲገለበጥና ሲወረወር ማየት ነው። ለዚህ የሚሆን ትምህርት ለመጨመር በ1922 እንደገና ወደ አውሮፓ ተሻግራ በፈረንሳይ፣ በሆላንድና በጀርመን ቆየች። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር 3 ቀን በኒው ዮርክ አጠገብ የመጀመሪያ ትርኢቷን አሳየች፤ ቀጥሎም በቺካጎ የገዛ ወገኖቿ ፊት በረረች።

ከዚህ በኋላ የሕይወቷ ጓደኛ የሆነው ጄኒ የሚባለው አይሮፕላን ነው። ጄኒ በጦርነቱ ጊዜ የአሜሪካ ወጣት ወታደሮች በረራ የተማሩበት፣ ሁለት መቀመጫና ዘጠና የፈረስ ጕልበት ያለው ሞተር ያለው፣ በሰዓት አንድ መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል የሚበር ቀላል አይሮፕላን ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ መንግሥት በርካሽ ሸጠው። ርካሽ ነውና ድኻ አብራሪዎች ሁሉ እርሱን ይገዙ ነበር፤ አሮጌ ነውና ብዙዎችን ገደለ። ቤሲም በ1923 ፌብሩዋሪ ወር በካሊፎርኒያ የመጀመሪያውን የራሷን ጄኒ ይዛ ለትርኢት ስትነሣ ሞተሩ አየር ላይ ጠፋና ወደቀች። እግሯና የጎን አጥንቶቿ ተሰበሩ፤ አይሮፕላኑም ደቀቀ። ሦስት ወር ያህል ሆስፒታል ተኛች። በአንድ ቀን አይሮፕላኗንም፣ ጤናዋንም፣ ለትምህርት ቤቱ ያሰበችውን ገንዘብም አጣች።

ይህ ትምህርት ቤት የቤሲ የሕይወት ዓላማ ነበር። ሁልጊዜ የምትናገረው ስለ እርሱ ነው፤ ጥቁር ወጣቶች፣ ወንዱም ሴቱም፣ ባሕር ሳይሻገሩ በረራ የሚማሩበት ቤት ለመሥራት ትመኝ ነበር። ትርኢቱንም የምታየው ለትምህርት ቤቱ ገንዘብ እንደሚሰበሰብበት መንገድ ነው። በአብያተ ክርስቲያናት፣ በትምህርት ቤቶችና በቴአትር አዳራሾች እየዞረች የበረራዋን ፊልም እያሳየች ንግግር ታደርግ ነበር። በፍሎሪዳ ሳለች ለዚሁ ገንዘብ ለማግኘት የሴቶች ጠጕር መሥሪያ ቤት ከፈተች።

ገንዘብ የሚገኝበት ሌላ መንገድ አልታጣም ነበር፤ ግን ሁሉን አልተቀበለችም። አንድ የፊልም ድርጅት ልታሠራት ተስማምታ ሳለ፣ በመጀመሪያው ክፍል የተቀደደ ልብስ ለብሳ፣ ምርኵዝ ይዛ፣ እንደ አላዋቂ ባላገር እንድትታይ መፈለጉን ባወቀች ጊዜ ጥላ ወጣች። ነጮች በጥቁር ላይ የሚስቁበትን መልክ በገዛ ፊቷ ማሳየት አልፈለገችም። በ1925 ወደ ቴክሳስ ተመልሳ ባደገችበት በዋክሳሃቺ ትርኢት ልታሳይ ሳለ፣ አዘጋጆቹ ለነጭና ለጥቁር ሁለት የተለያዩ በሮች እንዲኖሩ አሰቡ። እርስዋ ሁሉም በአንድ በር ካልገባ አልበርም አለች። ከብዙ ክርክር በኋላ በሩ አንድ ሆነ፤ ውስጥ ሲገቡ ግን መቀመጫው እንደ ተለያየ ቀረ። ግማሽ ድል ነው። ነገር ግን ያን ግማሽ ድል ለማግኘት የከፈለችው የራሷን እንጀራ በሚዛን ላይ አስቀምጣ ነው።

በ1926 የጸደይ ወራት ሌላ አሮጌ ጄኒ ገዛች። ዊልያም ዊልስ የሚባል መካኒክ ከቴክሳስ እስከ ፍሎሪዳ ሲያመጣላት በመንገድ ላይ በሞተር ብልሽት ሳይፈልግ ለማረፍ ተገድዶ ነበር። በኤፕሪል 30 ቀን ጠዋት በጃክሰንቪል ከተማ፣ ለማግሥቱ ትርኢት ቦታውን ለማየት ሁለቱ ተነሡ። መሪውን የያዘው ዊልስ ነው። ቤሲ በማግሥቱ በጃንጥላ ልትዘል አስባ ነበርና ከላይ ሆና መሬቱን አንገቷን አውጥታ ለመመልከት እንዲመቻት ቀበቶዋን አላሰረችም። አይሮፕላኑ ሳይታሰብ አፍንጫውን ደፍቶ እየተሽከረከረ ወረደ፤ እርስዋም ተወርውራ ወጣችና ከብዙ መቶ ሜትር ከፍታ ወድቃ ሞተች። ዊልስም ከአይሮፕላኑ ጋር ወድቆ ሞተ። በኋላ ሲመረመር አንድ የብሎን መፍቻ ተንሸራቶ ከመሪው መዘውር ውስጥ ተሰንቅሮ ተገኘ። ዕድሜዋ ሠላሳ አራት ዓመት ነበር። ትምህርት ቤቱ አልተከፈተም።

የቤሲ ታሪክ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ አሳዛኝ ታሪክ ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር። በቺካጎ በተደረገው ቀብሯ ላይ ግን በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ቆመ፤ ከዚያ ሕዝብ መካከልም ዱላውን የሚቀበሉ ተገኙ። በ1929 በሎስ አንጀለስ በስሟ የበረራ ክበብ ተቋቋመ። ከ1931 ጀምሮ የቺካጎ ጥቁር አብራሪዎች በየዓመቱ በመቃብሯ ላይ ዝቅ ብለው እየበረሩ አበባ ይጥሉ ነበር።

ከእነዚህ አብራሪዎች አንዱ ጆን ሮቢንሰን ነው። አንድ ታላቅ የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ማመልከቻውን እየደጋገመ ስላልተቀበለው የዚያው ትምህርት ቤት ወለል ጠራጊ ሆኖ ገባ፤ እየጠረገ ትምህርቱን አዳመጠ፤ በመጨረሻም ተማሪ ሆኖ ተመረቀ። ሮቢንሰንና ጓደኛው ኮርኒሊየስ ኮፊ ሌሎችን ማስተማር ሲጀምሩ ከተማሪዎቻቸው መካከል ጃኔት ሃርመን የምትባል ነርስ ነበረች። ክበቡ የሚማርበት አይሮፕላን አልነበረውም፤ ጃኔት በነርስነት ደመወዟ ገዛችለት። ማረፊያ ሜዳ የሚያከራያቸውም ስላልተገኘ በ1933 ሮቢንስ በምትባል የጥቁሮች መንደር መሬቱን በገዛ እጃቸው ደልድለው ሜዳ ሠሩ። ጃኔት በዘር ምክንያት የንግድ አብራሪነት ፈቃድ አንድ ጊዜ ከተከለከለች በኋላ በሌላ ቦታ ተፈትና ወሰደች። በኋለኛው ዘመኗም ቺካጎ ለሚማሩ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ቤቷን ክፍት አድርጋ ነበር፤ አገራችንንም መጥታ ጎብኝታለች።

ሮቢንሰን ግን ወደ እኛ የመጣው በጭንቁ ቀን ነው። ጣልያን ለወረራ ሲዘጋጅ፣ በአሜሪካ ሕክምና የተማሩት ዶክተር መላኩ በያን ለአገራቸው ባለሙያ ይፈልጉ ነበርና ከእርሱ ጋር ተገናኙ። በ1927 ዓ.ም. ግንቦት ወር ጕዞውን ወደ ኢትዮጵያ ጀመረ። ኮሎኔል ተብሎ የኢትዮጵያ አየር ኃይል አዛዥ ሆነ። አየር ኃይል ሲባል ግን በጣት የሚቆጠሩ አሮጌ፣ የጦር መሣሪያ የሌላቸው አይሮፕላኖች ነበሩ። በ1928 ዓ.ም. መስከረም 22 ቀን ዓድዋ በቦምብ ስትደበደብ እርሱ በዚያ ነበር። ከዚያም እስከ ጦርነቱ መጨረሻ ግድም ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር መልእክትና ዕቃ እያመላለሰ በረረ። የደሴን፣ የላስታንና የዋግን አገር የሚያውቅ ሰው የዚህን ሥራ ዋጋ ይረዳዋል፤ በቅሎ ቀናት የምትፈጅበትን አቀበትና ቍልቍለት ያች የጨርቅ ክንፍ በሰዓታት ታልፈዋለች። ነገር ግን በዚያ ሰማይ ላይ ከእርስዋ የፈጠኑና መትረየስ የያዙ ብዙ ጠላቶች ነበሩባት።

ነፃነት ከተመለሰ በኋላ ሮቢንሰን በ1936 ዓ.ም. እንደገና መጣ፤ አሁን የመጣው ለማስተማር ነው። ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ከእርሱ በረራና የሞተር ሥራ ተማሩ። በ1946 ዓ.ም. መጋቢት ወር በትንሽ አይሮፕላን ሲበር በደረሰበት አደጋ ቆስሎ ሞተ፤ የተቀበረውም አዲስ አበባ ነው። ቤሲ ልትከፍተው ተመኝታ ያልከፈተችው ትምህርት ቤት፣ በሌላ ሰው እጅ፣ በሌላ አገር፣ በእኛ ልጆች ላይ ተከፈተ ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

አንድ ነገር ግን ገና ይቀራል። የቤሲ ትምህርት ቤት ለወንዱም ለሴቱም ነበር። በአገራችን ሙሉመቤት እምሩ የምትባል ወጣት ከጣልያን ወረራ በፊት በአዲስ አበባ በረራ መማር ጀምራ ነበር፤ ጦርነቱ መጣና ትምህርቷ ተቋረጠ። ጦርነቱ ሲያልቅ ማስተማሩ ሲቀጥል፣ ሰልፉ ውስጥ የገቡት ወንዶች ናቸው። ጀግናችን ነው የምንለው ሮቢንሰን የገባበትን በር ያንኳኳችው ሴት፣ ክበቡ የተማረበትን አይሮፕላን የገዛችውም ሴት ሆና ሳለ፣ የሴቶቹ ተራ ለምን ወደ ኋላ ቀረ? ይህን ጥያቄ ለአየር ኃይል ብቻ መተው አንችልም፤ በገዛ ክፍላችን ውስጥ ዘወር ብለን መቀመጫዎቹን ብናይ ጥያቄው ወደ እኛ ይመለሳል።

ብዙዎቻችን ዲግሪ ማለት የራስን ሕይወት ማሻሻያ ነው ብለን ነው የመጣነው፤ ይህም ኃጢአት አይደለም። ቤሲም የተሻለ ኑሮ ፈልጋ ነው ከጥጥ እርሻ የወጣችው። ልዩነቱ፣ ካለፈች በኋላ በሩን ከኋላዋ አለመዝጋቷ ነው። ፈቃዷን በእጇ ከያዘችበት ቀን ጀምሮ እስከ ሞተችበት ጠዋት ድረስ ባሉት አምስት ዓመታት ውስጥ የምታስበው ስለሚከተሏት ነበር። ክረምት መጥቶ ወደ ሰቆጣም ሆነ ወደ ሌላው አገራችን በተመለስን ጊዜ፣ የኮሌጅ ወሬ ከማውራት አልፈን፣ መንገዱ ርቋት ወይም ገንዘቡ አልቆባት ትምህርቷን ያቋረጠችውን አንዲት የጎረቤት ልጅ ሒሳብ ብናስጠና፣ ለአባትና ለእናቷም ብንነግርላት፣ ይህ ከማንኛችንም አቅም በላይ አይደለም። እንዲህ ካላደረግን ግን የቤሲን ስም ማንሣታችን ለጨዋታ ያህል ሆኖ ይቀራል።